ደጅ ያጣው ንፍሮ

ድሮ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ውስጥ ግንቦት ሲገባ ሰው ቤቱ አይቀመጥም ነበር። ቆርቆሮው ከረፋድ ጀምሮ ይንጣጣል፤ ቤት ውስጥ የቀረ ሰው እንደ ዳቦ ይበስላል። ከሰዓት በኋላ ጥቁር ደመና ይመጣና፣ ሰው ሁሉ ያሰጣውን ልብስ ለማንሳት ሲሯሯጥ፣ ሁለት ጠብታ ጥሎ አፈሩን ብቻ አሽትቶ ይመለሳል። ያ የአፈር ሽታ ከባቄላና ከስንዴ እንፋሎት ጋር ተደባልቆ በእትዬ ወለተሰንበት አፍንጫ ውስጥ እስከ ዛሬ አለ። ጉንፋን ሲይዛቸው እንኳ አይጠፋም ይላሉ።

የግንቦት ልደታ በዚያ መንደር ጠሪ አልነበረውም። ማንም ማንንም ና አይልም። ጠዋት የሀዲያ ብረት ድስት ከቤቷ እየተንከባለለ ይወጣል፤ ያ ድስት ከወጣ ቀኑ ደርሷል ማለት ነው። ሀዲያ ሙስሊም ናት፣ ነገር ግን የልደታ ንፍሮ ያለ እሷ ድስት ተጥዶ አያውቅም። ስንዴ ያለው ስንዴ፣ ባቄላ ያለው ባቄላ፣ ሽምብራ ያለው ሽምብራ በእፍኙ ይዞ ይመጣል። ምንም የሌለው እንጨት ያመጣል፤ እንጨትም የሌለው ወሬ ይዞ ይመጣና እሱም ተቆጥሮለት ይበላል።

ሕጉ አንድ ብቻ ነበር። ንፍሮው ደጅ ላይ ተቀቅሎ ደጅ ላይ ያልቃል፤ ጣሪያ ስር አይገባም። ልብስ ሰፊው ባጫ አንድ ዓመት ለማታ ይሆነኛል ብሎ በኪሱ ይዞ ቤቱ ገባ። ዓመቱን ሙሉ የስፌት መኪናው መርፌ እየተሰበረ ተቸገረ። መኪናው ስላረጀ ነው ያለ ሰው አልነበረም።

እትዬ ወለተሰንበት ያኔ ወለቴ ነበሩ፣ ቀጭን፣ ፈጣን፣ አፋቸው ከእግራቸው የሚቀድም። ሀብተ ማርያምን አግብተው ብዙ ዘመን ልጅ አላገኙም። አማታቸው በነገር መውጋት ሲጀምሩ፣ በአንዱ ግንቦት ልደታ፣ እፍኝ ንፍሮ ይዘው ተነሡና ሰው ሁሉ እየሰማ ተሳሉ። ለከርሞ ልጅ ታቅፌ ከመጣሁ፣ በሕይወት እስካለሁ ድረስ ግንቦት ልደታን የጎረቤት እህል አዋጥቼ ደጄ ላይ እጥዳለሁ አሉ። ሀዲያ ሰምተናል አለች። መንደሩ ሁሉ ሰምተናል አለ። በዓመቱ ወለቴ መቅዲን ታቅፈው መጡ፤ ገና አንገቷ ያልጠና ጨቅላ።

ከዚያ በኋላ መቅዲ የእናቷ ብቻ ሳትሆን የመንደሩ ልጅ ሆነች። የተቆጣት ይቆጣታል፣ የሳማት ይስማታል፣ ስሟም የንፍሮ ልጅ ሆነ። ተምራ፣ ሥራ ይዛ፣ ባለ ወንበር ሆና፣ አንድ ቀን ከአለቃዋ ጋር በሜክሲኮ አደባባይ ስታልፍ ባጫ ከመንገዱ ማዶ «አንቺ የንፍሮ ልጅ፣ ሰው ሆንሽ አይደል» ብሎ ጮኸ። አለቃዋ ምን ማለቱ ነው ብሎ ጠየቃት። መቅዲ የማላውቀው ሰው ነው አለች። ባጫ ግን ሰምቷት ስለነበረ መንገዱን አቋርጦ መጣና ከመወለዷ ጀምሮ አንድም ሳያስቀር ተረከለት።

መንደሩ ፈርሶ ሰው ሲበተን ሀዲያ ኮዬ ፈጬ ቤት ደረሳት። ዕቃ ስትጭን ድስቱን ከመኪናው ላይ አስወርዳ እትዬ ወለቴ ፊት አስቀመጠችው። ስለቱ ያንቺ ነው፣ ድስቱም ካንቺ ይሁን አለች። ሁለቱም እንዳያለቅሱ ስለ መኪናው ሾፌር አነዳድ ሲያሙ ቆዩና ተለያዩ።

ሀብተ ማርያም ካረፉ በኋላ ብቻቸውን የቀሩት እትዬ ወለቴ የደረሳቸው እዚያው ልደታ፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ነው። ድስቱ በወጥ ቤቱ በር አልገባ ስላለ በረንዳ ላይ ተቀመጠ፤ ውሃ በሚመጣበት ቀን ከታች የተቀዳ ውሃ ይጠራቀምበታል። እሳቸው ራሳቸው አራት ፎቅ በአንድ ትንፋሽ መውጣት ስላልቻሉ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መሃል፣ ደረጃው የሚታጠፍበት ላይ አንዲት በርጩማ አኖሩ። ሲወጡ እዚያ ያርፋሉ፣ ሲወርዱም ያርፋሉ፣ አንዳንዴ ደግሞ ሳይወጡም ሳይወርዱም ያርፋሉ።

እዚያ ተቀምጠው የሚያልፈውን ሁሉ ደህና አደራችሁ ይላሉ። ሰው አይከፋም፣ አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል፤ ግን ሁሉም ወይ ከስልኩ ጋር እያወራ ነው፣ ወይ ጆሮው ላይ ነገር ሰክቷል። በር ሲዘጋ ድምፁ ይሰማል፣ የዘጋው ግን አይታይም። ፊት ለፊታቸው ያለችውን ፋዮን የሚያውቋት በጫማዋ ነበር። በበሩ ስር ባለው ክፍተት ጥቁሩ ጫማ ካለፈ ወደ ሥራ ሄደች፣ ነጠላ ጫማው ካለፈ ገባች። ፋዮም እሳቸውን በሳላቸው ታውቃቸዋለች። ዓመት ከመንፈቅ እንደዚህ ኖሩ።

የመጀመሪያው ዓመት ግንቦት ልደታ ሲደርስ እትዬ ወለቴ ማንንም ስለማያውቁ እፍኝ ስንዴ ብቻቸውን በኤሌክትሪክ ምድጃ ቀቀሉ። ከዚያ ሕጉ ትዝ አላቸው። ጣሪያ ስር አይበላም። ስለዚህ የመኝታ ቤቱን መስኮት ከፍተው፣ ከአንገታቸው በላይ ያለውን ወደ ውጭ አውጥተው፣ እንደዚያ ሆነው በሉ። ከታች ዘበኛው ሰላሁን አይቷቸው ሊወድቁ ነው ብሎ አራት ፎቅ ሮጦ ወጣ። ሲደርስ ንፍሮ ሰጡት፤ እሱንም በመስኮቱ አንገቱን አስወጥተው አበሉት።

መቅዲ ይህን ስትሰማ አለቀሰችም፣ ሳቀችም። አያት ሰፈር በኩል ግቢ ያለው ቤት ሠርታለች፤ አጥሩ ረጅም፣ ላዩ ላይ ሽቦ ያለው። ከእኔ ጋር ኑሪ ብላ መለመን ከጀመረች ቆይታለች። ደጅ ከሆነ የፈለግሽው ደጅ ግቢው ውስጥ አለ ትላለች።

«ደጅ አለሽ፣ ጎረቤት የለሽም» ይላሉ እናቷ። እውነትም ሁለት ሳምንት ሰንብተው ያወቁት ጎረቤት ማዶ ያለውን ውሻ ብቻ ነው፤ እሱንም በድምፁ።

«እህሉን እኔ እገዛዋለሁ፣ እማዬ። ስንዴውንም ባቄላውንም።»

«ከአንድ ቤት የወጣ ንፍሮ ቁርስ ነው እንጂ ልደታ አይደለም።»

በመጨረሻ የንስሐ አባታቸው ገቡበትና ነገሩን አለዘቡት። ጎረቤት ጠፍቶ ከሆነ ስለቱ አይይዝዎትም፣ ጎረቤት እያለ ከሆነ ግን ይይዝዎታል አሉ። እናትና ልጅ በዚህ ተስማሙ። በዚህ ዓመት ግንቦት ልደታ ጎረቤት እህል አዋጥቶ ንፍሮው ደጅ ላይ ከተበላ፣ መቅዲ ሁለተኛ የአያትን ነገር አታነሳም። ካልሆነ እትዬ ወለቴ በዚያው ቀን ዕቃቸውን ጭነው ይሄዳሉ። መቅዲ ፒክአፕ ይዛ ልትመጣ ተቀጠረ። እትዬ ወለቴ እሺ ሲሉ ድምፃቸው ደህና ነበር፤ ማታ ግን በረንዳ ወጥተው ድስቱን በጨርቅ ሲወለውሉ አመሹ።

መጀመሪያ የሄዱት የሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢ ወደሆኑት አቶ ፍሰሐ ነው። አቶ ፍሰሐ የመንግሥት ጡረተኛ ናቸው፤ ቆሻሻ ሊጥሉ ሲወርዱ እንኳ ከረባት ያስራሉ። በየደረጃው ላይ ማስታወቂያ የሚለጥፉት እሳቸው ናቸው። ደረጃውን በየተራ ስለመጥረግ ብቻ የለጠፉት ቢሰበሰብ አንድ ክፍል ያለብሳል። የጠረገ ሰው ግን የለም።

አቶ ፍሰሐ በክብር ተቀብለው አስቀመጧቸው። ልደታን እኔም አከብራለሁ አሉ። ከዚያ አንድ በአንድ ዘረዘሩ። መኪና ማቆሚያው ላይ እሳት ክልክል ነው። ኮሪደር ላይ ከሰል ክልክል ነው። ጣሪያው ላይ መውጣት ራሱ ክልክል ነው።

«ታዲያ የዚህ ቤት ደጅ የቱ ነው፣ አቶ ፍሰሐ?» አሉ እትዬ ወለቴ።

አቶ ፍሰሐ አሰቡ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። ሠላሳ ምናምን ዓመት ቢሮ ሲሠሩ እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀርቦላቸው አያውቅም። መመሪያው ውስጥ ደጅ የሚል የለም አሉ በመጨረሻ፣ እንደ ማዘን ብለው።

ነገሩን የፈታው በሩ ላይ ቆሞ የሰማው ሰላሁን ነው። እሱ ምሳውን ከጥበቃ ቤቱ ጀርባ፣ አጥሩ ጥግ፣ በሦስት ድንጋይ ላይ ሲያበስል የኖረ ሰው ነው። ያችን ጥግ ማንም አይቷት ስለማያውቅ ማንም አልከለከላትም። እዚያ እንጥዳለን አለ። አቶ ፍሰሐ እኔ አልሰማሁም ብለው በሩን ቀስ አድርገው ዘጉ።

እሳቱ ተገኘ፣ እህሉ ቀረ። ከላይ የሚኖር በዕውቀቱ የሚባል ወጣት አለ፤ ቀኑን ሙሉ ቤቱ ተቀምጦ በኮምፒውተር የሚሠራ፣ ጆሮው ላይ ትልቅ ማዳመጫ የማይጠፋ። እትዬ ወለቴ በርጩማቸው ላይ ሆነው መንገድ ዘጉበትና ነገሩት። የሕንፃው ሰው የቴሌግራም ግሩፕ አለ፣ እዚያ እጽፍልዎታለሁ አለ። ጻፈላቸውም። ማታ መጥቶ ስልኩን አሳያቸው፤ የሰው ሁሉ አውራ ጣት ተደርድሯል። ይህ ምንድን ነው አሉት። ደስ ብሎናል ማለት ነው አለ።

ሦስት ቀን ጠበቁ። አውራ ጣቱ እየበዛ ሄደ፤ አንድ እፍኝ ስንዴ ግን አልመጣም።

እትዬ ወለቴ ነጠላቸውን አጣፍተው ለበሱ፣ እንቅብ ያዙና በር ለበር ወጡ። የመጀመሪያውን በር ሲያንኳኩ በቀዳዳው አንድ ዓይን መጣ፣ ነጠላውንና እንቅቡን አየ፣ ከውስጥ «እግዜር ይስጥዎት፣ ሌላ ቀን» አለ። እትዬ ወለቴ ከደረጃው ሊወድቁ ነበር። ከእናታቸው ማኅፀን ጀምሮ ለምነው አያውቁም። በሩ ላይ ተጠግተው እኔ ጎረቤትሽ ነኝ፣ ውሃ ስታፈሺ ግድግዳው የሚርሰው የእኔ ነው አሏት። በሩ ወዲያው ተከፈተ። ሃኒ ትባላለች፣ ባንክ ነው የምትሠራው፤ እፍረቷ ጆሮዋን አቀላው። ጥሬ እህል ግን ቤቷ ገብቶ አያውቅም። ጓዳዋን ፈትሻ ፈትሻ መኮሮኒ አገኘች። እትዬ ወለቴ መኮሮኒውን አዩ፣ ልጅቷን አዩ፣ ስንዴ አይደል ዘሩ ብለው እንቅቡን አቀረቡ።

በዕውቀቱ ደግሞ ሊከፍት ሲመጣ ከሰው ጋር በማዳመጫው እያወራ ነበር። ስልክ ቁጥርዎን ይስጡኝና አሁኑኑ እልካለሁ አላቸው። ስንዴ በስልክ እንዴት ይላካል አሉት። እሱም ቆም ብሎ አሰበበት። ከዚያ የፈንዲሻ በቆሎ ሰጣቸው። ይህ ይበስላል ወይ ቢሉት፣ እንዴታ፣ ይፈነዳል እንጂ አለ።

ሌላው አጃ ሰጠ፣ ሌላዋ ክክ ምስር፣ አንዱ ደግሞ ለልጁ ትምህርት ቤት የተገዛ የተጠበሰ ሽምብራ። አቶ ፍሰሐ በሩን ሳይከፍቱ በመስኮት አንድ ኩባያ ባቄላ አወጡና እኔ አልሰጠሁም አሉ። እንቅቡ ሞላ ማለት አይቻልም፣ ግን የየቤቱን ጠባይ ያሳይ ነበር።

የፋዮን በር እስከ መጨረሻ አቆይተውት ነበር። ጴንጤ እንደሆነች ከመዝሙሯ ያውቃሉ። ፋዮ በሩን ስትከፍት መጀመሪያ ያዩት ጫማዋን ነው፤ ቀና ሲሉ ፊቷ ካሰቡት በላይ ልጅ ሆኖባቸው ደነገጡ። ነገሯት። ፋዮ አዳመጠችና ወደ ውስጥ ዞራ ባሏን ኦልጅራን በኦሮምኛ አማከረችው። ተመልሳ በትህትና «እትዬ፣ እኛ በስለት አናምንም» አለች።

«ማመኑን ለእኔ ተዪው፣ ልጄ። አንቺ ስንዴውን ስጪኝ።»

ፋዮ ሳቋ አመለጣት። ከአምቦ እናቷ የላከችላትን ስንዴ በእፍኝ ሳይሆን በጣሳ አመጣች። መስጠት እሰጣለሁ፣ እኔ ግን አልበላም አለች። እትዬ ወለቴ እኔም አላስገድድሽም ብለው መረቋት፤ ምርቃቱ ስለረዘመ ፋዮ ግማሹን ቆማ፣ ግማሹን በሩን ተደግፋ ሰማችው።

ቀኑ ደረሰ። ድስቱ ከአራተኛ ፎቅ መውረድ ነበረበት። በዕውቀቱና ኦልጅራ አንሥተውት ወረዱ፤ በየመታጠፊያው ግድግዳውን ሲመታው እንደ ደወል ያስተጋባል። ሌባ ገባ ብሎ ሰው ሁሉ በሩን ከፈተ። ያ ሕንፃ ከተሠራ ጀምሮ በሮቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲከፈቱ የመጀመሪያው ነው። አንዱ ፒጃማ ለብሷል፣ አንዷ የጥርስ ብሩሽ አፏ ውስጥ ነው፣ አቶ ፍሰሐ ከረባት አስረዋል። እትዬ ወለቴ ከኋላ ሆነው እየወረዱ፣ ወጥታችሁ የለ፣ እንግዲህ አንተ ውሃ፣ አንቺ ጨው፣ እናንተ እንጨት እያሉ አዘዙ። ፒጃማ የለበሰ ሰው እምቢ ለማለት አይመቸውም። ሁሉም ታዘዘ።

ከጥበቃ ቤቱ ጀርባ እሳቱ ተያያዘ። ንፍሮው እስኪበስል ሰው ዙሪያውን ቆመ፤ ቆሞም ዝም ማለት ስለማይቻል ማውራት ጀመረ። ሃኒና ከታችዋ ያለችው ሴት በአንድ ታክሲ አብረው ሲሄዱ እንደኖሩ የታወቀው ያኔ ነው። ስንዴው በሰለ፣ ባቄላው በሰለ፣ መኮሮኒው ድሮ በስሎ ሟሙቶ ሌላውን አጣበቀው። የፈንዲሻው በቆሎ ብቻ እንደገባ ነው። እትዬ ወለቴ አንዷን ቀምሰው ጥርሳቸውን ያዙ።

«አንተ ልጅ፣ ይፈነዳል ብለኸኝ የለም?»

«ያለ ውሃ ነዋ፣ እትዬ» አለ በዕውቀቱ።

ድስቱ ከእሳት ወርዶ ማማሰያው እንደገባ ሰማዩ ተገለበጠ። እንደ ድሮው ሁለት ጠብታ አይደለም፤ የግንቦት ዝናብ እንዲህ ሲወርድ እትዬ ወለቴም አላዩም። ሰው ሁሉ ወደ ሕንፃው ሮጠ። ኦልጅራና ሰላሁን ድስቱን ይዘው ሲሮጡ እትዬ ወለቴ መግቢያው ላይ እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። አይገባም አሉ። ጣሪያ ስር ከገባ ቤት ገባ ማለት ነው፤ ቤት ከገባ ልደታ አይደለም። ውሃው በነጠላቸው ላይ እየወረደ፣ ድስቱን በፌስታል ሸፍነው፣ ከነድስቱ ደጅ ቆሙ። ንፍሮው ግን ወደ ሾርባ እየሄደ ነው።

ልክ በዚያ ሰዓት የመቅዲ ፒክአፕ በበሩ ገባ። እትዬ ወለቴ መኪናውን አዩት። መቅዲ ከውስጥ ሆና፣ በመስታወቱ መጥረጊያ መሃል፣ እናቷን ዝናብ ላይ ከድስቱ አጠገብ ቆመው አየች። ከመኪናው አልወረደችም፤ እንዴት እንደሚያልቅ ለማየት ይመስላል።

ከመግቢያው ውስጥ ክርክሩ ተነሣ። ሃኒ ደረጃው ውጭ ነው አለች። አቶ ፍሰሐ በመመሪያው መሠረት ደረጃ የሕንፃው አካል ነው አሉ፤ አዝነውም ቢሆን አሉ። በዕውቀቱ በር የሌለው ነገር ቤት አይባልም አለ። ሰላሁን ድስቱ ከብዶኛል አለ። እትዬ ወለቴ ከድስቱ ላይ የተንሸራተተውን ፌስታል መልሰው ሸፈኑ።

ፋዮ እስካሁን ከሁሉም ኋላ፣ ደረጃው ላይ ቆማ ነበር። ወረደችና አቶ ፍሰሐ ፊት ቆመች።

«አቶ ፍሰሐ፣ ይህን ደረጃ ማን ነው የሚጠርገው?»

አቶ ፍሰሐ ፊታቸው ጠቆረ። ይህ የሕንፃው ትልቁ ቁስል ነው። ማንም፣ አሉ፤ ስንት ጊዜ ለጥፌ፣ ማንም።

«ቤት ቢሆን ኖሮ አንድ ሰው ይጠርገው ነበር» አለች ፋዮ። «ማንም የማይጠርገው ደጅ ነው።»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ፤ ሁሉም ተራው ደርሶ ያልጠረገ ነበረና የሚከራከር ጠፋ። አቶ ፍሰሐ ቀስ ብለው፣ ይህን ማስተባበል አልችልም አሉ።

እትዬ ወለቴ ድስቱን አስገቡት። ግን ደረጃው ስር ሲደርሱ ደግሞ ቆሙ። ደጅም ቢሆን ልደታ የምትከበርበት እንዲህ ቆሽሾ አይሆንም አሉ። መጥረጊያ ተጠራ። መጥረጊያውን ቀድመው የያዙት አቶ ፍሰሐ ናቸው፤ ከረባታቸውን በትከሻቸው ወደ ኋላ ጥለው፣ ለዓመታት ሲያሳስቡ የኖሩትን ደረጃ ከላይ እስከ ታች ራሳቸው ጠረጉት። ሰውም አፍሮ ተከተላቸው። በዕውቀቱ ይህን ሲያይ፣ እንግዲህ ከተጠረገ ቤት ሊሆን ነው ማለት ነው ሲል ጀመረ። ኦልጅራ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ መልሶ ገጠመለት።

ድስቱ የእትዬ ወለቴ በርጩማ ያለችበት መታጠፊያ ላይ አረፈ። ሰው ከታች እስከ ላይ በየደረጃው ተቀመጠ። ከሥራ የሚመለስ ሰው ማለፍ ስለማይችል፣ አንድ እፍኝ ንፍሮ ይሰጠውና በበላው ልክ አንድ ደረጃ ይፈቀድለታል። አራተኛ ፎቅ የሚኖሩት ጠግበው ነው ቤታቸው የደረሱት። የፈንዲሻው በቆሎ በየአፉ ቋ ቋ ሲል፣ ከውጭ የሚሰማ ሰው ጠጠር የሚፈጭ ወፍጮ ይመስለዋል።

ፋዮ ሳህን ይዛ ጥግ ላይ ተቀምጣ አንድ በአንድ እየለቀመች ትበላለች። አልበላም አላልሽም ወይ ቢሏት፣ የስለቱን አልበላም፣ ስንዴዬን ግን እበላለሁ አለች። የእሷን ስንዴ ከሌላው በምን እንደለየችው አልታወቀም።

ከዚያ ስለት ተጀመረ። ሃኒ ውሃው እስከ አራተኛ ፎቅ ከወጣልኝ ለከርሞ ድፎ ዳቦ አመጣለሁ አለች፤ ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ አሜን አለ። ሰላሁን ስለ ጫማ ተሳለ። አቶ ፍሰሐ ተነሥተው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ የእኔ በልብ ነው አሉና ተቀመጡ፤ የደረጃው መጥረግ ነገር እንደሆነ ግን ሁሉም አውቋል።

መቅዲ ያኔ ዝናቡ ሲያባራ ገባች። እንደ ሌላው ሁሉ አንድ እፍኝ፣ አንድ ደረጃ እየተባለች ወጣች። ጫማዋ በጭቃ፣ ጸጉሯ በዝናብ፣ አፏ በንፍሮ ሆኖ እናቷ ጋ ደረሰች። አቶ ፍሰሐ ይህች ማን ናት ብለው ጠየቁ።

«የንፍሮ ልጅ ናት» አሉ እትዬ ወለቴ።

ያን ስም ሽሽት አያት ድረስ የሄደችው መቅዲ አንገቷን ደፋች። ምን ማለት ነው ሲባል እትዬ ወለቴ ከሀዲያ ድስት ጀምረው ተረኩ፤ ደረጃው ሁሉ ሰማ። ሲጨርሱ በይ አንቺም ተሳይ ተባለች። መቅዲ እፍኝ ንፍሮ ይዛ ተነሣች።

«ለከርሞ እማዬ አያት መጥታ ከእኔ ጋር ከኖረች …» ስትል እትዬ ወለቴ ከበርጩማቸው ብድግ ብለው አፏን በንፍሮ ሞሉት። ንፍሮው ደግሞ በአብዛኛው የበዕውቀቱ በቆሎ ነበር። መቅዲ አላምጣ እስክትውጥ ሰው ሌላ ወሬ ጀምሯል። ያላለቀ ስለት አይቆጠርም፤ በዚህ ላይ ከፋዮ በቀር ሁሉም ተስማማ፣ ፋዮ ያለቀውም አይቆጠርም ባይ ናት።

የተረፈው ወደ ማንም ቤት አልገባም። ሰላሁን በሰፌድ ይዞ ባቡር ጣቢያው ድረስ ሄዶ ለመንገደኛ አደለው። ፒክአፑ ባዶውን ተመለሰ። መቅዲ ስትሄድ እናቷን አቅፋ ረጅም ጊዜ ቆየች፤ ከዚያ በኋላ የአያትን ነገር አላነሳችም። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ትመጣለች፣ መጀመሪያ ለእናቷ ብላ ነበር፣ አሁን ግን ከሃኒ ጋር ነው የምታወራው።

ድስቱን ወደ አራተኛ ፎቅ የሚመልሰው አልተገኘም። እዚያው መታጠፊያው ላይ ተደፍቶ ቀረ፤ አቶ ፍሰሐ ላዩ ላይ የጋራ መጠቀሚያ ነው፣ ቆሻሻ አይጣልበትም የሚል ለጠፉበት። ያን ማስታወቂያ ሰው አከበረው። ደረጃው ለሁለት ሳምንት ተጠረገ፤ ከዚያ ተወ። እትዬ ወለቴም አልተቆጡም፤ ለከርሞ ደጅ ያስፈልገናል አሉ። ውሃው አንድ ሐሙስ አራተኛ ፎቅ ወጥቶ ሃኒን ስለ ዳቦው አስጨንቋታል፤ በማግስቱ ሲጠፋ ነው ያረፈችው።

እትዬ ወለተሰንበት አያት አልሄዱም። ባለፈው ሳምንት ልደታ ውስጥ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መሃል፣ ከሀዲያ ድስት አጠገብ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ታይተዋል።